ጌታውን የሚያዝዝ ሎሌ

በየትልቁ ቤት ከጌታው ይልቅ የሚፈራ አንድ አሮጌ ሎሌ አይጠፋም። ጎተራውም፣ በሬዎቹም፣ ሎሌው ራሱም የጌታው ናቸው ይባላል። ይሁን እንጂ ጌትየው መቼ እንደሚበላ፣ የትኛውን ኩታ እንደሚደርብ፣ ከየትኛው ጎረቤት ጋር እንደሚኳረፍ የሚቆርጥለት ያ ሎሌ ነው።

በማቱራ ከተማ፣ በጥጥ ነጋዴው በሱማንዳታ ቤት፣ ይህን ሥልጣን የያዘው ሎሃካ ነበር። ሥራው ከያሙና ወንዝ ውሃ መቅዳት ብቻ ነው። የቤቱ ሰዎች ግን እሱ በሌለበት «ሊቀ እንስራ» ይሉታል፤ ባለበት ደፍሮ የሚናገር የለም።

ሱማንዳታ ነፍስ ያለው ሁሉ እንዳይጎዳ የሚያዝዘውን የመምህሩን የጂናን ሥርዓት አጥብቆ የሚይዝ፣ ጉንዳን ላለመርገጥ ዓይኑን ከመሬት የማያነሳ ሰው ነው። ሎሃካ ደግሞ ከሱ ይብሳል። ውሃውን ሦስት ጊዜ በጨርቅ ያጠልላል፤ ከዚያ በጨርቁ ላይ የቀሩትን ጥቃቅን ነፍሳት ወደ መጡበት ወንዝ ሊመልስ ይሄዳል።

«ሎሃካ፣ በውሃ ጥም መሞቴ ነው እኮ!»

«እርስዎ አንድ ነፍስ ነዎት ጌቶች። እዚህ ጨርቅ ላይ ያሉት ስንት እንደሆኑ ማን ያውቃል? እኔ ሎሌ ሰው፣ ምን አውቄ!»

ይህቺ «ምን አውቄ» ከመጣች ነገሩ አለቀ ማለት ነው፤ ይግባኝ የለውም።

አንድ ቀን የንጉሡ የቀረጥ ሹም እራት ተጋብዞ መጣ። ሹሙ ወሬ ይወዳልና ገና ሁለተኛውን ጉርሻ ሲጠቀልል ጀምበር ጠለቀች። በዚያ ቤት ከጀምበር በኋላ አይበላም። ሎሃካ ብቅ አለና እጅ ነስቶ፣ ሳህኑን ከሹሙ ፊት አንስቶ ሄደ። በሹሙ ቂም የሱማንዳታ ጥጥ ወር ሙሉ በከተማው በር ሳይገባ ተቀመጠ።

«አዋረድከኝ!» ብሎ ጮኸበት ሱማንዳታ።

«ታዲያ ጀምበሯን የገፋኋት እኔ ነኝ?»

ሚስቱ ሪሺማቲ መረራት። «ይሄን ሰውዬ ሽጠውና እንረፍ» አለችው።

«ማን ይገዛዋል? ገዢውን ከእግር እስከ ራሱ መርምሮ ‹ይሄ አይሆነንም› ብሎ ይመልሰዋል።»

ክረምቱ ተጋመሰና በሥርዓታቸው ሰው ሁሉ ይቅር የሚባባልበት ቀን ደረሰ። ሱማንዳታ እንደየዓመቱ መዳፎቹን ገጥሞ ቤቱን ዞረ። ከሚስቱ፣ ከልጆቹ፣ ከወጥ ቤት ሴቶቹ ይቅርታ ጠየቀ፤ ሁሉም ቶሎ ቶሎ «ይቅር ብያለሁ» አሉት። በመጨረሻ ሎሃካን ከእንስራዎቹ መደብ አጠገብ አገኘው።

«አውቄም ሆነ ሳላውቅ የበደልኩህ ካለ ይቅር በለኝ።»

«የትኛውን?» አለ ሎሃካ።

ሱማንዳታ ቀልድ መሰለው። ሽማግሌው ግን ጨርቁን አስቀመጠ።

«ብዙውን በየዓመቱ ይቅር ብያለሁ ጌቶች። አንዷ ግን አልወጣ አለችኝ። እናቴ በቪዲሻ ከተማ ታማ ልካብኝ ነበር። አባትዎን ፈቃድ ብለምናቸው ‹ጥጡ ይግባና› አሉኝ። እርስዎ በሩ ላይ ቆመዋል፤ ሃያ ዓመት ቢሆንዎት ነው። አንዲት ቃል ይሉልኛል ብዬ ቀና ብዬ አየሁዎት። እርስዎ ጣራ ጣራውን ያያሉ። ጥጡ ሲገባ የሬሳዋ አመድ ወንዝ ገብቶ ነበር።»

ሱማንዳታ ያን ቀን አስታወሰው። ወጋግራው ላይ የነበረችው እንሽላሊት እንኳ ትዝ አለችው፤ እንዳትወድቅ ሰግቶላት ነበር። የሎሃካ ፊት ግን ፈጽሞ ትዝ አላለውም። መዳፎቹን እንደ ገጠመ ወጣ፤ በዚያ ቀን እህልም ውሃም አልቀመሰም።

በማግስቱ ጠዋት ቤተሰቡን ሰበሰበ። እንደ ሥርዓቱ እንስራውን ከሎሃካ ትከሻ አውርዶ ሰበረው። ሩዝና አበባ የተቀላቀለበት ውሃ በሽማግሌው ራስ ላይ እየረጨ፣ «ከእንግዲህ ባሪያ አይደለህም» አለ፤ ሦስት ጊዜ።

ሎሃካ ስብርባሪውን ተመለከተ። «ደህናውን እንስራ! ምናለ አሮጌውን ቢሰብሩት?» አለ። እጁ ግን ባዶ ትከሻውን ይዳስስ ነበር።

መንገዱ እንደ ደረቀ ከነጋዴዎች ጋር ወደ ቪዲሻ ሄደ። ቤቱ ጭር አለ። የሚቆጣ ጠፋ። ሱማንዳታ ውሃውን ራሱ ማጥለል ጀመረ፤ ግማሹን ኩታው ላይ እያፈሰሰ። ሪሺማቲ አንድ ቀን በሩን በሩን ሲያይ አገኘችው። «ሽጠው ያልኩህን ሰው ነው የምትጠብቀው?» አለችው። «አንቺስ?» አላት።

ማንጎ ሲያብብ፣ በቀትር፣ ሎሃካ አቧራ ለብሶ በሩ ላይ ቆመ።

«ይግቡ» አለው ሱማንዳታ። አንቱታው ሳያስበው ነው ያመለጠው። የገዛ ምንጣፉ ላይ አስቀመጠው፤ ሩዙንም በእጁ አቀረበለት። ሎሃካ ቅር እንዳለው አመነታ፤ ኋላ በላ።

«እናትዎን የሚያስታውስ ሰው አገኙ?»

«አንዲት አሮጊት። መልኳ ጠፍቷታል። ሳቋን ግን አልረሳችውም። እኔ ስስቅ ብትሰማ እጄን ይዛ አለቀሰች፤ ቁርጥ የሷ ነው አለች።»

ሱማንዳታ ከተወለደ ጀምሮ ከዚህ ሰው ጋር በአንድ ጣራ ሥር ኖሯል፤ ሲስቅ ግን ሰምቶት አያውቅም። እስከዚያች ሰዓት መጉደሉንም ልብ አላለም።

«ምን ብላ አሳቀችዎት?» አለ፣ ወደ ምንጣፉ ጠርዝ ተጠግቶ እየተቀመጠ።

ሎሃካ ጣቶቹን ጠራረገ፤ ትንሽ አሰበ። ከዚያ ማንም ሳያቻኩለው መተረክ ጀመረ።