ጭራሮ ከወይራ ፊት አይገባም

የሰደቡኝ ቀኛዝማች እንዳላማው ናቸው። ጊዜው ጣሊያን ደብረ ማርቆስ በገባ በዓመቱ፣ የሐምሌ አቦ ዕለት፣ ቦታውም የገዛ አዳራሻቸው ነበር። ዳዊት የደገምሁ፣ በቤታቸው አጋፋሪ ሆኜ እንግዳውን ሁሉ በየማዕረጉ ያስቀመጥሁ ሰው ነኝ። ቂም አልያዝሁም። ዕለቱን የማነሣው ለታሪክ ያህል ነው።

የጣሊያኑ ሹም ለቀኛዝማች የብረት ምድጃ ልኮላቸው ነበር። በዚያን ዕለት ራሱ መጥቶ እየሞቀ የሮብ ገበያን ሹመት ለማን እንደሚሰጥ ሊናገር ነው ተባለ። ስለዚህ የምድጃው አቀጣጠል ያገር ጉዳይ ሆነና ጉባኤ ተቀመጠ።

«ይህ ደግሞ ምን ጉባኤ ያሻዋል?» አሉ ባለቤታቸው ወይዘሮ አሰገደች። «ኩበትና ጭራሮ ከፊት፣ ወይራው ከኋላ ነዋ!»

«ለመንግሥት ምድጃ እበት?» አሉ ቀኛዝማች።

«እንግዲያው ጭራሮው ብቻ ይቅደም» አልሁ እኔ።

«አንተ ራስህ ጭራሮ! ያንተ ቢጤ ከወይራ ፊት ገብቶ ያውቃል?»

አዳራሹ ሳቀ። መሪጌታ ወልደ ሩፋኤልም ብርሌያቸውን አስቀምጠው፣ «እውነት ነው፤ ጳጳስ ሳይገባ ዲያቆን አይገባም» ሲሉ መሰከሩ። ዲያቆን ጳጳስን ቀድሞ እንደሚሄድ አያጡትም፤ ጠጁ ግን የቀኛዝማች ነበር።

ተወሰነ። ግንዱ ወይራ ከምድጃው በር አጠገብ በክብር ተቀመጠ። ዋንዛው ተከተለ። ጭራሮው እንደ ማዕረጉ ከሁሉ ኋላ፣ እሳት በማይደርስበት ጥግ ተወተፈ። ክብሪቱም በማዕረግ ተጫረ፤ መጀመሪያ ቀኛዝማች፣ ቀጥለው መሪጌታ። ወይራ ጨዋ እንጨት ነውና በትንሽ ነገር አይቆጣም። ላምባ ቢያጠጡት ላምባው ብቻውን ነድዶ አለቀ፤ የመሪጌታን ጢም ለብልቦ ወይራውን ሳይነካ ጠፋ። ክብሪቱም አለቀ።

«ከጓዳ ፍም ላስመጣ?» አሉ ወይዘሮ አሰገደች።

«በጓዳ በር የሚገባ እሳት አልቀበልም!»

ይህን ብለው ሳይጨርሱ ሹሙ ካፖርቱ ዝናብ እያንጠባጠበ፣ አስተርጓሚውንና አንድ አስካሪ ወታደር አስከትሎ ገባ። ምድጃውን ዳሰሰ፤ በረዶ ነው።

«ምን ሆኖ ነው ይላል» አለ አስተርጓሚው ሙላት።

«ወይራው እየተሰናዳ ነው በለው።»

ሹሙ ዙሪያውን ቃኘ። ቀኛዝማች ሲሾሙ ሊቀመጡበት ያሠሩት፣ ሰው ያልነካው ባለመደገፊያ ወንበር ከግድግዳው ሥር ቆሟል፤ ደረቅ ነው፣ ስስ ነው። ለአስካሪው በአገጩ አመለከተው። አስካሪው ወንበሩን በመጥረቢያ ፈለጠ፣ ስንጥሩን ከወይራው ፊት ደረደረ፣ ከኪሱ ክብሪት አውጥቶ ለኮሰ። ማዕረግ የማያውቅ ሰው! ምድጃው ወዲያው ተንቦገቦገ።

ሹሙ እጁን አሞቀ፣ ጠጁን ጠጣ፣ ተነሣ።

«የሮብ ገበያው ነገርስ?» አሉ ቀኛዝማች፣ በሩ ድረስ ተከትለው።

ሙላት ጠይቆ ተመለሰ። «ይታያል ብሏል። ደግሞ ስመጣ ሌላ ወንበር ይኑር ብሏል።»

ቀኛዝማች የሚቀመጡበት አጥተው ከምድጃው አጠገብ ቆሙ። ጥቂት አሰቡ። ከዚያ ፊታቸው በራ።

«ሰማህ አጋፋሪ? ከወይራውም ከዋንዛውም በፊት የገባው የኔ ወንበር ነው! ደግሞም ሌላ ፈለገ! ከዚህ የበለጠ ምን ሹመት አለ? እስቲ ንገረኝ!»

ጋቢዬን ደረብሁና ወደ ዝናቡ ወጣሁ።