የሁለት ሐጂዎች ዜሮ

ዝምታ ርካሽ ነገር ይመስላችኋል። እኔም ይመስለኝ ነበር። እኔንና ትምህርት ቤትን ስምንተኛ ክፍል ላይ የለያየን ዋናው ጉዳይ ዝም ማለት አለመቻሌ ስለሆነ፣ ዝምታን የሰነፍ ተማሪዎች ሀብት አድርጌ ነበር የማየው። ኋላ ከድሬዳዋ ተነሥቼ ሐርጌሳ ገብቼ፣ እንጀራዬ ዝምታ መሥራት ሲሆን ነው ነገሩ የገባኝ። ጫጫታ ማንም ያመርታል። ዝምታ ግን ይለፋበታል፤ ለዚያውም ጎረቤት ከፈቀደ።

ያኔ ከተማው ከጦርነቱ በኋላ ገና እየተገነባ ነበር። ግማሹ ግድግዳ የድሮ፣ ጣሪያው አዲስ የሆነ ቤት በየመንገዱ ነው። ማሕሙድ ሃይቤ በሚባለው ሰፈር ውስጥ እኔ የምሠራባት ሱቅ የካሴት ድምፅ ወደ ኮምፒውተር ገልብጣ በሲዲ ታወጣለች። የዚህ አገር ሰው ደብዳቤ የሚጽፈው በአፉ ነው። ባሕር ማዶ ያለ አባወራ ቴፑን ይከፍትና ሰላምታውን፣ ምክሩን፣ ኩርፊያውን ጭምር ካሴት ሙሉ አውርቶ ይልካል። ሰዉ ከስደት ሲመለስ ፍራሹን ጥሎ ካሴቱን ይዞ ነው የመጣው ብትሉ ብዙም አልተሳሳታችሁም። የሱቁ ባለቤት ኢልያስ የሐርጌሳ ልጅ ሆኖ አዲስ አበባ የተማረ ነው። ከደንበኛ ጋር በሶማልኛ፣ ከእኔ ጋር በአማርኛ፣ ከኮምፒውተሩ ጋር በእንግሊዝኛ ያወራል። ሲሰድበው ግን በአማርኛ ነው።

መብራቱ የማዘጋጃ ቤት አይደለም። ጄኔሬተር ያለው ሰው ለሰፈሩ ሽቦ ይዘረጋል። ከሱቃችን በስተቀኝ ሐጂ ኦመር፣ በስተግራ ሐጂ ዩሱፍ የየራሳቸው ጄኔሬተር አላቸው። ኢልያስ ሱቁን የከፈተ ዕለት ሁለቱም «ጎረቤት አይደለንም እንዴ?» እያሉ ሽቧቸውን ይዘው መጡ። አንዱን መመለስ ሰላምታ እንደ መንሳት ነው። ስለዚህ ሁለቱንም ተቀበለ፤ ቴፑን በሐጂ ኦመር፣ ኮምፒውተሩን በሐጂ ዩሱፍ ሰካ። ፍትሕ ሆነ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ከምንገለብጠው ድምፅ ሁሉ ሥር አንድ ወፍራም «እምምም» ተጋድሞ ይገኝ ነበር። ዘፈን ሲሆን ከበሮው ይሸፍነዋልና ማንም አልከሰሰንም።

ኤዶ ሰህራ እስክትመጣ ድረስ።

ኤዶ ማለት አክስት ማለት ነው። ሴትዮዋ ድሬዳዋ ያደገች ስለሆነች አማርኛዋ ከእኔ ይበልጣል። አንቱታዬን ገና በር ላይ ነው የከለከለችኝ፤ «አቦ፣ አንቱ የሚሉት ለባዳ ነው!» ብላ። ከኋላዋ ልጇ ሆዳን ቆማለች፤ የምታገባው ሐሙስ ነው። ሆዳን ሰላም አለችን መሰለኝ፤ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ።

«ጮክ በይ እንጂ! ዕድሜዋን ሙሉ እንዲህ ናት» አለች እናትየው፣ አንዲት የደበዘዘች ካሴት ጠረጴዛው ላይ እያስቀመጠች። ውስጧ ያለው ድምፅ የሆዳን አባት ነው። ለሥራ ከሄደበት ዓረብ አገር የላከው፣ ልጅቷ ሕፃን ሳለች። ሳያያት እዚያው ሞተ። ካሴቱ መጀመሪያ ላይ፣ ስታገቢ ብሎ መርቋታል። ሠርጉ ላይ እንዲሰማ ነው የተፈለገው።

«የቀረውን ተወው፤ ለዘመድ ሰላምታ ነው» አለችኝ።

መጀመሪያውን ብቻ አስገብተን ሰማነው። ሰውዬው በሹክሹክታ ነው የሚናገረው። ከሹክሹክታው በላይ ደግሞ የኛ «እምምም» እግሩን ዘርግቶ ተቀምጧል። ድምፁን ከፍ ባደርገው እሱም አብሮ ከፍ አለ። ኢልያስ የጄኔሬተሩ ጩኸት በመስኮት ገብቶ ነው ብሎ መስኮቱን ዘግቶ ብርድ ልብስ ሰቀለበት። እኛ በላብ ተጠመቅን፤ «እምምም» ግን በሽቦ እንጂ በመስኮት ስለማይገባ ንቅንቅ አላለም። እኔ በበኩሌ ጎበዝ ነኝ ብዬ በኮምፒውተሩ ፕሮግራም ጩኸቱን ላጨሁት። ተላጨ። ከሰውዬው ጉሮሮ ግማሹን ይዞ።

ኤዶ ሰህራ አዳመጠች። «ይሄ ማነው?»

«ባልሽ ነዋ።»

«ባሌ በርሜል ውስጥ አልሞተም።»

ካሴቱ ደግሞ አርጅቶ በዞረ ቁጥር ዱቄት ያራግፋል። አንድ ጊዜ መዞር ይችል ይሆናል፤ ሁለተኛውን እንጃ። በዚያ ጭንቀት መሐል አንድ እጄን ቴፑ ላይ፣ አንዱን ኮምፒውተሩ ላይ ሳሳርፍ ክንዴን ውርር አደረገኝ። ለብቻ ስነካቸው ሰላማውያን ናቸው። አብሬ ስነካቸው ይናከሳሉ።

«ኢልያስ፣ ዕቃዎቹ ተጣልተዋል!» አልኩት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኮምፒውተር ድምፅ አይሰማም፤ ይለካል። በአንዲት ሰኮንድ ውስጥ እልፍ ጊዜ የድምፁን ቁመት እየለካ ቁጥር ይጽፋል። ቁመት ለመለካት ወለል ያስፈልጋል፤ ዜሮ የምንለው። የቴፑ ዜሮ የሐጂ ኦመር ነው፣ የኮምፒውተሩ ዜሮ የሐጂ ዩሱፍ። ሁለቱ ዜሮዎች እኩል አይደሉም፤ ልዩነታቸው በቀጭኗ የድምፅ ገመዳችን ከሟቹ ምርቃት ጋር እየተጋፋ ያልፋል። ወለሉ እየተወዛወዘ የሰው ቁመት ብትለኩ ምን ታገኛላችሁ?

«ሁለቱንም በአንድ መስመር እንሰካ» አልኩ።

«በማን?» አለ ኢልያስ።

ይኸውላችሁ። የኤሌክትሪኩ ጉዳይ እዚህ ላይ አለቀ፤ ከዚህ በኋላ ያለው ጉርብትና ነው። ኢልያስ ሄዶ ለሁለቱም አስረዳ። ሐጂ ኦመር «የኔ ዜሮ ወላሂ ዜሮ ነው፤ ዩሱፍን ምከረው» አሉ። ሐጂ ዩሱፍ ደግሞ «በዚህ ሰፈር ዜሮ የተበላሸው ኦመር ከመጣ ወዲህ ነው። ሽቦዬን ከነቀላችሁ ሰላምታዬንም አብራችሁ ንቀሉ» ብለው ሻያቸውን ቀጠሉ።

ኢልያስ ፊቱ ጠቁሮ ሲመለስ ኤዶ ሰህራ «ሁለቱ የሚሰግዱት አንድ መስጊድ አይደለም?» ብላ ጠየቀች። ነው። «የከሰዓቱ የአስር ሰላት ደግሞ ሊደርስ ነው።»

አዛን ተሰማ፤ ሐጂዎቹ ከየበራቸው ወጥተው ጎን ለጎን ሄዱ። ያኔ አንዱን ሶኬት ነቅዬ ሌላው ጎን ሰካሁት። የትኛውን እንደሆነ አልነግራችሁም፤ አሁንም እዚያው ሰፈር ነው የምኖረው። ጩኸቱ ጥፍት አለ። እንደዚያ ያለ ዝምታ ሱቃችን ውስጥ ሰምቼ አላውቅም። ከውስጡ አንድ ሰው ቀስ ብሎ «ሆዳን» አለ።

«እዚያ ሠራተኞቹ በአንድ ክፍል ብዙ ሆነው ነበር የሚተኙት» አለች ኤዶ ሰህራ። «ሰው እንዳይቀሰቅስ ነው።» ምርቃቱ ኮምፒውተሩ ውስጥ ገብቶ እንዳለቀ፣ ለአጎቱ ልጅ የላከው ሰላምታ ላይ ሲደርስ ካሴቱ ተበጠሰ። ደነገጥኩ። እሷ እቴ! «ተወው፣ ያ ሰውዬ ሰላምታ አይገባውም» አለችኝ።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሲዲውን ይዘን ሠርጉ ግቢ ደረስን። ሁለቱ ሐጂዎች በክብር ተቀምጠዋል። ሁለቱም፣ ማሻ አላህ፣ ለሙሽራዋ ስጦታ ብለው ከየጄኔሬተራቸው ሽቦ ጎትተዋል። ጋባዦቹም ማንንም እንዳያስቀይሙ አምፕሊፋየሩን በአንዱ፣ የሲዲ ማጫወቻውን በሌላው ሰክተዋል። ቁልፉ ሲጫን፣ ምን እንደ መጣ ታውቃላችሁ። «እምምም!» ሕፃናት ጆሯቸውን ያዙ። ኤዶ ሰህራ እኔን አየችኝ።

በቦርሳዬ ሁልጊዜ የምይዛት በባትሪ የምትሠራ የሲዲ ማጫወቻ አለችኝ። ጠረጴዛው ሥር ተንበርክኬ ሲዲውን ወደ እሷ አዛወርኩ፣ ገመዱን ቀየርኩ። ባትሪ ጎረቤት የለውም፤ የማንንም ዜሮ አይጠይቅም።

ግቢው ጸጥ አለ። ሰውዬው ልጁን በስሟ ጠርቶ፣ ሰው እንዳይቀሰቅስ፣ መረቃት። ሆዳን እስከ መጨረሻው ሰማችውና ወደ እናቷ ዞራ በዚያች በማትሰማ ድምፅዋ «እሱም ቀስ ብሎ ነው የሚያወራው?» አለች።

ኤዶ ሰህራ ጮክ በይ አላለቻትም።

ሁለቱ ሐጂዎች ግን ይኸው እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። ሐጂ ኦመር ያን ቀን ድምፁ እንደ ውኃ የጠራው በእሳቸው መስመር እንደሆነ ይምላሉ። ሐጂ ዩሱፍም እንደዚያው። ሁለቱም ምስክር አድርገው የሚጠሩት እኔን ነው። እኔም በአንቱታ ራሴን እነቀንቅላቸዋለሁ፤ ሐጂ ኦመር ሲናገሩ ለሐጂ ኦመር፣ ሐጂ ዩሱፍ ሲናገሩ ለሐጂ ዩሱፍ። ዝም ማለት ተምሬያለሁ።