ምንጣፍ ላይ ያልተቀመጠው የቶይባ ልጅ

ኮቱ፣ ቅረቢ ልጄ። ኅዳር ገብቷል፤ የጨፋ ማሽላ ታጭዶ ገጠሩም ከተማውም ትንፋሽ አግኝቷል። ወሬ ያለው አሁን ነው።

ትናንት በሬዲዮ አንድ የተማረ ሰው፣ የከተማ መራጭ ለምን ከነባር ተመራጮቹ ፊቱን እንዳዞረ ሲያስረዳ ዋለ። የኑሮ ውድነት ነው አለ፤ ሥራ አጥነት ነው አለ። ልክ ይሆናል፣ አላህ ያውቃል። የከሚሴን፣ ያውም የእኛን ሰፈር ግን ማን ጠየቀው?

አብዱ የጎረቤቴ የቶይባ ልጅ ነው። ባለፈው ምርጫ መርጠነው ፓርላማ ገባ። ወላሂ ሠርቷል! ይኸው በራችን ላይ የሚወርደው የቧንቧ ውሃ እሱ ተሟግቶ ያስገባው ነው። ታዲያ ምን አጠፋ?

ምርጫው ሲቃረብ የቅሬያችን፣ የዕድራችን ዳኛ ሞቱ። ለቅሶው ላይ ሼኹም ቄሱም ምንጣፍ ላይ ተቀምጠዋል። አብዱ በመኪና መጣ፤ ቆሞ ዱዓ አደረገ፤ ቆሞ አጽናና፤ ሄደ። ሴቶቹ አላሳለፉትም። አንዷ፣ "የፓርላማ ወንበር ወገቡን አደረቀው!" አለች። ሌላዋ፣ "ሱሪው እንዳይቆሽሽ ነዋ!" እኔም በለቅሶ ቤት፣ አፌን በሻሼ ሸፍኜ ሳቅሁ።

በማግስቱ ተፎካካሪው መጣ። ምንጣፉ ላይ ዘፍ አለ፤ ቆሎ ዘገነ፤ እኔን እንደ እናቱ "አዴ፣ እንዴት ነሽ?" አለኝ። በቃ፣ አለቀ! ከፍትፍቱ ፊቱ ይባል የለ? ማንበብ ባልችልም የሰውየውን ምልክት ለይቼ አሻራዬን አሳረፍኩ። ሰፈሩም እንዲሁ። አብዱ ወደቀ።

ሳምንት ሳይቆይ ቶይባ ምሳ ጠራችን። አብዱ ከጓዳ በከዘራ ተደግፎ ወጣ። ለካ ጉልበቱ ከታመመ ከርሟል፤ መሬት ከተቀመጠ ሰው ደግፎ ካላነሳው አይነሳም። አንካሳ እንዳትሉኝ ደብቄ ነው ብሎ ሳቀ።

የባሰው ገና ነበር። የካዱኝ የገበያ ማዶ ሰዎች ናቸው፣ እናንተማ እናቶቼ ናችሁ አለና እጃችንን በየተራ ሳመ። ልጄ፣ የሰው ፊት እሳት ነው። በእሱ ውሃ ታጥበን የመጣነውን እጅ ነው የሳመው!

አብዱ ደሴ ታክሞ ተሽሎታል፤ ጨፋ ሮቢት ላይ እህል ይነግዳል። አዲሱ ተመራጭ ለቅሶ በስልክ መድረስ ጀምሯል። ቅሬያችን የላስቲክ ወንበር ገዛ።

ቶይባ? ዛሬም እውነቱን አታውቅም። ለመጪው ምርጫ የሰፈሩን ሴቶች ለልጄ የምትሰበስቢልኝ አንቺ ነሽ፣ እንዳንቺ የማምነው የለኝም ብላኛለች።

ምን ልበላት? አሚን አልኳት።