ዓሣ የሚያዩት ክቡር ቨርሊን

ሐይቅ በረዶ በሚሠራበት አገር ሁሉ፣ ቀኑን ሙሉ ዓሣ ሲያይ ውሎ ማታ የታሸገ ባቄላ የሚበላ አንድ ሰው አይጠፋም። የእኛው፣ የሰሜን ሚኒሶታው፣ ክቡር ቨርሊን ሃውገን ይባላሉ። ጡረታ የወጡ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሹፌር ናቸው፤ በረዶው ላይ ሲወጡ ግን አድሚራል ናቸው።

የክቡርነታቸው ጎጆና የእኔ ጎጆ ግድግዳ ለግድግዳ ናቸው። ብርዱ ሲገባ እንደ ሰፈሩ ሰው ሁሉ የእንጨት ጎጇችንን ጎትተን በረዶው ላይ እናቆማለን፣ በረዶውን እንበሳለን፣ ምድጃ አንድደን ቀዳዳው አፍ ላይ ቁጭ እንላለን። በእኔ ቀዳዳ የሚገባው ክርና መንጠቆ ነው። በእሳቸው ቀዳዳ ግን መጀመሪያ የሚገባው የዓሣ ማያው ነው፤ ወደ ታች ድምፅ እየላከ፣ ውሃው ውስጥ ያለውን ሁሉ በቀይና በአረንጓዴ መስመር የሚያሳይ መሣሪያ። እሱም አንድ ቢሆን ጥሩ። ክቡ አለ፣ አራት ማዕዘኑ አለ፣ ካሜራ ያለውም አለ።

"ዓሣው አለ!" ይሉኛል በግድግዳው ወዲያ። "እኔ እያየሁት ነው! ችግሩ አንተ ነህ።"

መሣሪያ ሊገዛ አስቦ ምክር የጠየቃቸው ሰው፣ ልጃቸውን ለጋብቻ የጠየቀ ይመስል ይመረመራል።

"የምታጠምድበት ጥልቅ ነው?"

"አዎ፣ ጥልቅ ነው።"

"እንግዲያው ጠባብ እይታ ያለው ነው የሚያዋጣህ። ሰፊው የጎረቤትህን ዓሣ ነው የሚያሳይህ፤ ትርፉ ቅናት ነው። ባትሪውስ የት ሊያድር ነው?"

"መኪና ውስጥ።"

ክቡርነታቸው ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። "በዚህ ብርድ? አንተ መኪና ውስጥ ታድራለህ?"

የእሳቸው ባትሪ የሚያድረው አልጋ ላይ ነው፤ በእሳቸውና በባለቤታቸው በላቮን መካከል። ይህን የነገረችኝ ራሷ ላቮን ናት። ስትነግረኝ አልሳቀችም።

ያ ሁሉ እውቀት ታዲያ ዓሣ አያወጣም። ሁለት እጃቸው የመሣሪያውን ቁልፍ ሲያዞር የመንጠቆውን ዘንግ ማን ይያዘው? አንድ ጠዋት "ብልጥ ዓሣ ገጠመኝ!" ብለው ጮኹ። "ክሩን ሳነሳ ይነሳል፣ ሳወርድ ይወርዳል! እየኮረጀኝ ነው!" እስከ ምሳ ሲተናነቁት ቆዩ። ቢቸግረኝ ሄጄ ስክሪኑን አየሁት።

"ቨርሊን፣ ይሄ እኮ የራስህ መንጠቆ ነው።"

ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "መቼ ጠፋኝ? መሣሪያውን እየፈተንኩት ነው እንጂ።"

ዘንድሮ ግን ነገሩ ከረረ። የላቮን እህት የብርዱን ወራት የምታሳልፈው አሪዞና፣ ፀሐይ ላይ ተዘርግታ ነው። ላቮን ደግሞ ትዕግሥቷ አለቀ። "ጎጆው ከበረዶው እስኪነሳ ድረስ አንድ ዓሣ፣ አንዲት ብቻ፣ ከዚያ ቀዳዳ ካልወጣች፣ ከርሞ እኛም አሪዞና ነን" አለች። ክቡርነታቸው ይህን የነገሩኝ ባትሪያቸውን ታቅፈው ነው።

"እዚያ እኮ ሐይቁ በረዶ አይሠራም" አሉኝ። "ዓመቱን ሙሉ ዝም ብሎ ውሃ ነው።"

 ምን ይደበቃል፣ ሰውዬው ያደክሙኛል፤ ግን እሳቸው ከሌሉ እኔ ከምድጃ ጋር ላወራ ነው?

ጎጆዎቹ የሚነሱበት የመጨረሻው ቀን ደረሰ። ላቮን ራሷ መጥታ የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀመጠች፤ ሹራቧን አውጥታ መሥራት ጀመረች። ክቡርነታቸው መሣሪያውን ቢከፍቱት ስክሪኑ የሜዳ አህያ መሰለ። እንዴት አይመስል! በእሳቸው ምክር መሣሪያ ያልገዛ የለ፤ ሁሉም በአንዴ ሲከፍተው የአንዱ ድምፅ የሌላውን ያውካል። ካፖርቴን ደርቤ ከጎጆ ጎጆ መዞር ጀመርኩ። መጀመሪያ ያገኘሁት ኦሪንን ነው፤ አፍንጫው ስክሪኑን ሊነካ ምንም አልቀረው።

"አጥፋው" አልኩት።

"ለምን ሲባል?"

"ለቨርሊን ሲባል። አለዚያ ላቮን አሪዞና ልትወስደው ነው።"

"ታዲያ እኔ ምን ልይ?"

"ቀዳዳውን እይ።"

"ቀዳዳው ላይ ደግሞ ምን አለ?" አለ፤ ግን አጠፋው። ሌሎቹም እያጉረመረሙ አጠፉ። ሐይቁ በሙሉ ለክቡርነታቸው ሲል ታውሮ ተቀመጠ። እኔም ጎጆዬ ተመልሼ ጆሮዬን ግድግዳው ላይ ለጠፍኩ።

"ጠራ!" ሲሉ ሰማሁ። "ላቮን፣ ዘንጉን ያዢልኝ!"

"እኔ?"

"እጄ ተይዟል እኮ! አረንጓዴው መንጠቆሽ ነው፣ ቀዩ ዓሣው ነው። እየመጣ ነው... ቀስ ብለሽ አንሺ... ቀስ!"

"አትጩህብኝ!"

"ተከተለሽ! ተከተለሽ!"

"ኧረ ምንድነው የሚጎትተኝ?"

ከዚያ ያለችው ቃል አይደለም፣ ጩኸት ነው። ሮጬ ገባሁ። በላቮን ክንድ ላይ ኢልፓውት ተጠምጥሟል፤ ጭንቅላቱ አምባዛ፣ ወገቡ እባብ፣ ገላው ልጋግ የሆነ፣ ያጠመደው ሰው ማንም ሳያየው የሚጥለው ዓሣ። ጩኸቱን ሰምቶ የሐይቁ ሰው ሁሉ በሩ ላይ ተኮለኮለ።

"ይሄ ዓሣ ነው?" አለች ላቮን።

ክቡርነታቸው መዋሸት ይችሉ ነበር። ሁላችንም እንዲዋሹ በዓይናችን ለመንናቸው።

"ዓሣስ ዓሣ ነው" አሉ አንገታቸውን ደፍተው። "ግን ሰው የሚፈልገው ዓይነት አይደለም።"

ላቮን ዓሣውን አየችው። ዓሣውም አያት።

"አሪዞና ይሄ አለ?"

"የለም።"

"እህቴ እንዲህ ያለ ነገር በእጇ ይዛ አታውቅም ማለት ነው?"

"ከየት አምጥታ!"

 የላቮን ጉንጭ ቀልቷል፣ እጅጌዋ ተበላሽቷል። ከዚያ በነፃ እጇ ባልዲውን ወደ መሣሪያው ጎተተችና ተቀመጠች።

"እስቲ ወዲህ አዙረው" አለች። "ያ ከታች ያለው ቀዩስ ምንድነው?"

ክቡርነታቸው አዞሩላት። ሰዉን በር ዘግቼ በተንኩት፤ ዓይኔ እንባ አቅርሯል፣ ለኦሪን ግን የምድጃው ጭስ ነው አልኩት። ጎጆዬ ገብቼ ገና ክሬን ከመጣሌ ግድግዳው ተደበደበ።

"አንተ! ዓሣው መጣልህ እኮ! ምን ይጎልትሃል?" ድምፁ የላቮን ነው።

ከርሞ እዚሁ በረዶ ላይ የሚጮሁብኝ ሁለት ሊሆኑ ነው። ተመስገን።