የእትዬ ሐረገወይን ግድግዳ

ቤት ተከራይቶ የኖረ ሰው ሁሉ እትዬ ሐረገወይንን ያውቃቸዋል። ስማቸው ሌላ፣ ሰፈራቸውም ሌላ ሊሆን ይችላል፤ ሴትዮዋ ግን እሳቸው ናቸው። ጣሪያቸው አያፈስም፣ በራቸው አይጣመምም፣ ግድግዳቸው አይረጥብም። ችግር ካለ ተከራዩ ይዞት የመጣ ነው።

እኔና ባለቤቴ ብርቄ ከነልጃችን ከፒያሳ ቁልቁል ባለው ግቢያቸው አንድ ክፍል ይዘን ስንኖር አራት ዓመታችን ነው። ባለፈው ክረምት ከአልጋችን ጀርባ ያለው ግድግዳ እስከ ጉልበት ድረስ ጠቆረ። ቀለሙ እየተላጠ ይረግፋል፣ ፍራሹ ይሻግታል፤ የሠርጌ ኮት አረንጓዴ ጢም አበቀለ። ሄጄ ነገርኳቸው።

መነጽራቸውን አድርገው መጡና ግድግዳውን ትተው እኛን መረመሩ።

"ትንፋሻችሁ ነው" አሉ።

"ትንፋሽ?"

"ሦስት ሰው ዘግቶ እየተኛ፣ ወጥ እዚሁ እየተሠራ፣ ልብስ እዚሁ እየተሰጣ! ግድግዳዬማ ጤነኛ ነው። ምነው ከናንተ በፊት የነበረው መምህር አንድ ቀን እንኳ አልከሰሰው?"

መምህሩ የኖረው ሦስት ወር፣ ያውም በበጋ እንደነበር የሰማሁት ኋላ ነው።

በማግስቱ ክብርት አከራያችን ኖራ በጥብጠው፣ በስልሳ ስምንት ዓመታቸው ተንበርክከው ቀቡት። ብሩሹን ልቀበላቸው ብል "አንተ አታውቅበትም" አሉኝ። በወሩ ጥቁሩ ተመለሰ፤ እሳቸውም ተመልሰው ቀቡት። እኛም መስኮት ከፈትን፣ ልብስ ውጭ አሰጣን፣ አልጋውን ከግድግዳው አራቅን። የተለወጠ ነገር የለም።

በጥር የአምስት ዓመቷ ልጃችን ልዕልት ማሳል ጀመረች። ሐኪሙ ደረቷን አዳምጦ ሲያበቃ "ቤታችሁ እርጥበት አለው?" ብሎ ጠየቀን። ብርቄ በር ላይ ስንደርስ "ወይ ይኼ ግድግዳ ይዳን፣ ወይ እንልቀቅ" አለች።

እኔን ግን የከነከነኝ ጥር መሆኑ ነበር። ዝናብ ካየን ስንት ጊዜያችን! ታዲያ ግድግዳው ውሃ ከየት ይጠጣል?

አምሐ የሚባል መሐንዲስ የሥራ ባልደረባዬ ዘዴ ሰጠኝ። "ፌስታል ቁረጥና ዙሪያውን በፕላስተር አሽገህ ግድግዳው ላይ ለጥፈው። ወደ ክፍሉ ያለው ፊቱ ከረጠበ ከእናንተ ነው፤ ወደ ግድግዳው ያለው ከረጠበ ከግድግዳው ነው።"

እትዬ ሐሳቡን ወደዱት። እንዳላጭበረብር ራሳቸው ለጠፉት፤ በሦስተኛው ቀንም ራሳቸው ላጡት። ፊቱ ደረቅ ነው። ጀርባው ላይ ውሃው እንደ ላብ ተንጠባጥቧል። በጣታቸው ነካ አደረጉት።

ወጥተው ከቤቱ ጀርባ ዞሩ፤ ተከተልኳቸው። እዚያ ያለው የአበባ መደባቸው ነው። አፈሩ አባታቸው ያርሱት ከነበረው ማሳ፣ ከአገራቸው ከድብ ባሕር፣ ከሁለት ዓመት በፊት በአይሱዙ ተጭኖ የመጣ ጥቁር አፈር ነው። ከድንጋዩ መሠረት አልፎ የጭቃው ግድግዳ ላይ ተደግፏል። በየቀኑ በጎማ ያጠጡታል።

"ይኼ ነው እንዴ?"

"ይመስለኛል፣ እትዬ።"

"የአባቴ አፈር'ኮ ነው።"

"አውቃለሁ።"

ገቡ። ሌላ ኖራ ሊበጠብጡ ነው ብዬ ስጠብቅ ዶማ ይዘው ወጡ።

ሦስት ቀን ቆፈርን። አፈሩን አንድ አካፋ ሳይቀር ወደ አጥሩ ጥግ አዛወርነው፤ በቦታው ውሃ ወደ ውጭ እንዲሄድ አድርገን ጠጠር ሞላን። የውስጡንም የበሰበሰ ልስን አራገፍነው። ከግድግዳው ምሰሶዎች አንዱ በጣት ሲነኩት እንደ ዳቦ ይፈረፈር ነበር፤ እሱንም ቀየርን። ይቅርታ የሚባል ቃል ካፋቸው አልወጣም። "ልጅቱ እዚህ አታድርም" ብቻ አሉና ልዕልትን ከነብርድ ልብሷ አቅፈው ወደ ቤታቸው ወሰዷት።

መጋቢት ሲያልቅ ግድግዳው ደርቆ ተለሰነ። ሳሉም ቆመ። ልጃችንን ልንመልስ ብንል እትዬ መጥተው መዳፋቸውን ግድግዳው ላይ አሳረፉ።

"ገና ነው" አሉ።

በሳምንቱም መጥተው ዳሰሱት። ግድግዳው እንደ ኩበት ደርቋል። ልዕልት ጸጉሯን አሳምረው ሠርተውላት፣ የነጠላቸውን ጫፍ ይዛ ከኋላቸው ቆማለች። እሳቸው እኔን አያዩኝም፤ ግድግዳውን ነው የሚያዩት።

እኔም መዳፌን አሳረፍኩ። "እውነትዎን ነው፣ እትዬ። ትንሽ ይቀረዋል።"

ብርቄ በክርኗ ጎሸመችኝ።

ልዕልት ወደ አልጋዋ የተመለሰችው ከፋሲካ በኋላ ነው። እሱም ቅዳሜና እሁድን ሳይጨምር።