ስሙኒ የማይጠይቀው ፍሊፐር

የተበላሸ እቃ ሲያይ እጁን የሚያሳክከው ሰው የሌለበት ከተማ የለም። የተበላሸ ካጣ ደህናውን ይፈታል። ፈትቶ ሲገጥም ሁልጊዜ ጥቂት ብሎን ይተርፈዋል፤ የተረፈውን ኪሱ ከትቶ፣ እቃው ድሮውንም ያለ ልክ ብሎን የተጠቀጠቀበት እንደነበር ለባለቤቱ ያስረዳል። ባለቤቱም አመስግኖ ይሄዳል። በደርግ ጊዜ የቆቦው ክቡር ኢንጂነር አራጌ ይባል ነበር። ምህንድስናውን ማን እንደሰጠው የሚያውቅ የለም፤ እሱም ተጠይቆ አያውቅም።

ማዕረጉን አፉን ሞልቶ ያልጠራለት ልብስ ሰፊው ፈንታው ብቻ ነበር። "ሰውዬው" ነው የሚለው። የስፌት መኪናውን የዘረጋው አስፋልቱ ዳር፣ ከጌጤ ሻይ ቤት በረንዳ ላይ ስለሆነ ሰውዬው ሲመሰገን ከጧት እስከ ማታ ይሰማል። "እኔ ሱሪ ሰፍቼ አንድ እግር ቢተርፈኝ ማን ዝም ይለኛል?" ይላል ለደንበኞቹ። ደንበኞቹ ይስቃሉ፤ ሬዲዮናቸው ሲበላሽ ግን ወደ አራጌ ይሮጣሉ። ይህ ነገር ፈንታውን ያንገበግበው ነበር። ቀናተኛ ነህ ቢሉት ይቆጣል እንጂ፣ ቀናተኛስ ነበር።

ደግሞስ አራጌ የማያስቀና ሰው ነበር እንዴ? የእህል ነጋዴውን የሼህ ነጅሙዲንን ሬዲዮ ጠገነና ሬዲዮኑ ከዚያ ወዲያ ከአንድ የዓረብ ጣቢያ በቀር አልይዝም አለ። ሌላ ሰው ቢሆን ይደበቅ ነበር። አራጌ "ለሼሁ የሚስማማቸውን መርጬ ነው የተውኩላቸው" እያለ ከተማውን ዞረ፤ ሼሁም "አላህ እጅህን ይባርከው" ብለው መረቁት። የቀበሌውን ባለ ባትሪ የድምፅ ማጉያ ሲጠግን ደግሞ ቁልፉ ሲለቀቅም የማይዘጋ አደረገው። ሊቀመንበሩ ጓድ አስፋው ስለ ማሽላ አጨዳ ዘመቻ መመሪያ ሰጥቶ ሲያበቃ፣ ምሳ ይዛ ለመጣችው ሚስቱ "ዛሬም ሽሮ?" ያላትን ቆቦ በሙሉ ሰማ። አራጌ ምን ቢል ጥሩ ነው? "ፋብሪካው ነው የተሳሳተው።" ሁልጊዜ የሚላት ይህችን ናት። የተሳሳተ ፋብሪካ እንጂ የተሳሳተ አራጌ ታይቶ አይታወቅም።

ይህን ሁሉ ፈንታው ችሎት ነበር። ያልቻለው የፍሊፐሩን ነገር ነው።

ፍሊፐሩን ለጌጤ ጥሎላት የሄደው መኪናው ተሰብሮ ቆቦ የከረመ የአስመራ መስመር ሾፌር ነው። ባሏ ሞቶባት ሻይ ቤቱን ብቻዋን የምታሠራው ጌጤ "ምን ላድርገው?" ብትለው፣ "እንግዳ ይሰበስብልሻል" አላት። በአራት እግሩ የቆመ፣ መስታወት የለበሰ ዘቅዛቃ ጠረጴዛ ነው። ስሙኒ ሲጎርስ መብራቱ ይበራል፣ የብረት ኳስ ይተፋል። ተጫዋቹ ኳሷን ወደ ላይ ያስፈነጥርና፣ ተንከባላ ስትመጣ በግራና በቀኝ ባሉት መቅዘፊያዎች እየመለሰ እንዳትወድቅበት ይታገላል። ኳሷ የነካችው ሁሉ ይደውላል፣ በግንባሩ ያለው ቁጥርም እየተገለባበጠ ይጨምራል።

ችግሩ ማሽኑ የሚያውቀው የድሮውን ስሙኒ ብቻ መሆኑ ነው፤ ያንን ጠርዙ የተቆራረጠውን፣ የጃንሆይ መልክ ያለበትን። መንግሥት ሳንቲሙን ሲቀይር አገሬው ያለውን ሰብስቦ በአዲሱ ለውጧል። ፈንታው ግን አንድ የወተት ጣሳ ሙሉ ስሙኒ ረስቶ ነበር። በዚህ ዝንጋታው የቆቦ ብቸኛ የፍሊፐር ተጫዋች ሆነ። ማታ የከተማው ጀነሬተር ሲነሳ ጣሳውን ይዞ ይገባል። ሾፌሩ፣ አስተማሪው፣ ከዋጃ ለገበያ መጥቶ ያደረው ሁሉ ከቦ ያየዋል። ጌጤም ከባንኮኒው ወጥታ ከኋላው ትቆማለች። ሲያበቃ የማሽኑን ሆድ ከፍታ የበላውን ስሙኒ መዳፉ ላይ ትመልስለታለች፤ እሱ በአዲሱ ይተካላታል። ጣቷ መዳፉን የሚነካበት ያ ጊዜ ለፈንታው ቀኑ በሙሉ ነበር። ሽማግሌ ሊልክባት አስቦ፣ እምቢ ብትለኝስ እያለ፣ ዓመት አልፎት ሌላውን ጀምሯል። እስከዚያው ስጫወት ታየኛለች ብሎ ይጽናናል።

አንድ ማታ ጓድ አስፋው መጣና አንዱን ስሙኒ መብራት ላይ ይዞ አገላበጠው።

"እኚህን ሰውዬ ያወረድናቸው መስሎኝ ነበር" አለ። "ይሄ ማሽን እስከ ዛሬ የሚታዘዘው ለሳቸው ነው እንዴ?"

ቤቱ ሳቀ፤ ፈንታው ግን ጣሳውን ወደ ጉያው ሳብ አደረገ። በነጋታው ማታ ጌጤ ራሷ ልካ አራጌን አስጠራችው።

ክቡር ኢንጂነር መሬት ላይ ተጋድሞ እስከ ወገቡ ማሽኑ ሆድ ውስጥ ገባ። "አየሽ ጌጤ" ይላል ከውስጥ፣ "ስሙኒው ሲወርድ ይቺን ሽቦ ይነካታል፤ ሽቦዋ ደግሞ ማሽኑን ተነስ ትለዋለች። ታዲያ ስሙኒው ምን ያደርግልናል? ሽቦዋን እኛው እንነካታለን።" ከወደቀ የጭነት መኪና የነቀለውን የጡሩምባ ቁልፍ ከሽቦዋ ጋር አገናኘና ከፊት ለፊት ቸነከረው። መጀመሪያ ሲጫነው የሻይ ቤቱ መብራት ሁሉ ጠፋ። እንደገና ሲጫነው ፍሊፐሩ በራ፣ ደወለ፣ ኳሱን ተፋ። ሰው አጨበጨበ፤ ጌጤም አጨበጨበች። ፈንታው የእሷን ጭብጨባ ከሌላው ለይቶ ሰማው።

ብሎን ግን ተርፏል። ድሮ አምስት ኳስ ሲወድቅ ጨዋታው ያበቃ ነበር፤ አሁን ማብቂያ የለውም፣ የወደቀው ኳስ ዞሮ ይመለሳል። "ፋብሪካው ነው የተሳሳተው" አለ አራጌ እጁን እየጠረገ። "በወሎ አገር እንግዳን በቃህ ብሎ የሚያስነሳ ማሽን የት ያምራል?"

ነገር የተበላሸው እዚህ ላይ ነው። በስሙኒ ሲሆን የከፈለውን ሰው እስኪጨርስ የሚነቀንቀው የለም። በነጻ ሲሆን ግን ፍሊፐሩ መቀመጫ ሆነ፤ መቀመጫ ደግሞ ለታላቅ ይለቀቃል። ሼህ ነጅሙዲን ከመስጊድ ሲመለሱ ብቅ ካሉ ተጫዋቹ "ኖር!" ብሎ እጁን ያነሳል።

"ኧረ በአላህ፣ ተጫወት ልጄ።"

"እርስዎ እያሉ? ኧረ በሞቴ።"

"ወላሂ አልነካትም።"

እነሱ ሲገባበዙ ኳሷ ማንም ሳይነካት ትወድቃለች፣ ዞራ ትመጣለች፣ ደግማ ትወድቃለች። በመጨረሻ ሼሁ ተለምነው ይይዛሉ፤ አንዴ ከያዙ እሳቸውን የሚያስነሳ የባሰ ሽማግሌ እስኪመጣ አይለቁም። ብዙ ሳይቆይ ፍሊፐሩ የከተማው አዛውንቶች ርስት ሆነ። ፈንታው ተራው እንዲደርሰው ገና ብዙ ጸጉር ማሸበት ነበረበት።

ከዚያ ወዲያ ጣሳው ሥራ ፈታ። ፈንታው ማታ ማታ ባንኮኒው ጥግ ተቀምጦ ሻዩን ያማስላል። አራጌ ሲገባ ጌጤ ሳይጠይቃት ስትቀዳለት ያያል፣ የጨመረችለትን ስኳር ይገምታል። ሰውዬው ሻይ ሲጠጣ አፉ እንደሚጮህ፣ ጥፍሩ ውስጥ የመኪና ግራሶ እንዳለ፣ ሲስቅ ደግሞ ጠረጴዛ እንደሚመታ ሁሉን አጥንቷል። ይህን ሰው ሴት ምን ብላ ትወደዋለች እያለ ራሱን ያጽናናል፤ መልሶ ደግሞ ሁሉም ይወደው የለም ወይ ብሎ ይናደዳል። አንድ ቀን ጌጤ "አያ አራጌ፣ አንተ ባትኖር ምን ይውጠኝ ነበር" ስትል ሰማ። ሰውዬው እስኪወጣ ጠበቀና ተነሳ።

"ማሽኑን ያስፈታሽው ለምን እንደሆነ ገብቶኛል" አላት። "ከኔ ጋር የነበረሽ ነገር እንዲቀርና ሰውዬው እንዲመላለስ ነው።"

ጌጤ ብርጭቆ ታጥብ ነበር። "ካንተ ጋር ምን ነበረኝ?"

"ስሙኒውን ትመልሽልኝ አልነበር?"

"እሱን ነው የምትለው?" ብርጭቆውን አስቀመጠችና እጇን በሽርጧ አደረቀች። "ስማኝ ፈንታው። ያን ሁሉ ጊዜ ከኋላህ ቆሜ ጀርባህን ሳይ ከረምኩ። የሸሚዝህ ትከሻ የት ላይ እንደሚቀደድ ሳይቀር አውቃለሁ። ስትጨርስ ሳንቲምህን ተቀብለህ እልም ትላለህ። አስፋው ሲያፌዝብህ ጊዜ ሰበብ አገኘሁና አራጌን አስጠራሁት። ይሄን ስሙኒ ንቀልልኝ፣ ይህ ሰው ፊቱን ወደኔ ያዙር አልኩት። ይኸው ዞረህ ተቀመጥክ። ተቀምጠህም የምታየው አራጌን ነው።"

ፈንታው ፊቱ ጋለ። "አራጌ ይህን ያውቃል?" አላት።

"ሲፈታው እየሳቀ ነበር። ለሰው ግን ትንፍሽ አላለም።"

የሠራውንም ያልሠራውንም ለከተማ የሚለፍፍ ሰው ይህችን አንዷን በሆዱ ይዞ መክረሙ የፈንታውን አንጀት በላው። ስለዚህ ሮቢት ከተማ ወዳለው የጌጤ ታላቅ ወንድም ሽማግሌ ሲልክ ሼህ ነጅሙዲንን አስቀድሞ፣ አራጌን አስከተለ። ሲለምነውም "ኢንጂነር" ብሎ ጠራው።

ሽማግሌዎቹ በጧት ሄዱ። ቀትር አለፈ፣ አልተመለሱም። ፈንታው ሥራውን ጥሎ አስፋልቱ ዳር ቆሞ፣ ከሮቢት በኩል የሚመጣውን መኪና ሁሉ በዓይኑ ይቀበላል። ከሰው ሁሉ አራጌን ለምን ላክኩት? ወንድሟ እንደ ሌላው ሰው ወዶት፣ ላንተው ትሁን ቢለውስ? ቅናቱ አገረሸበት። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አንድ የጭነት መኪና ቆመና አራጌ እስከ ክርኑ ዘይት ተለውሶ ወረደ፤ የሼሁም ጥምጥም ዘይት ነክቶታል።

"የወንድሟን የውሃ ፓምፕ ብታየው" አለ አራጌ ገና ሳይጠጋው። "ሞቶ ነው ያገኘነው። ሼሁ ቱቦውን ያዙልኝ፣ እኔ ፈታሁት። ውስጡ አሸዋ ብቻ ነው። ጠርጌ ብገጥመው እምቢ አለኝ። እንደገና ፈታሁት…"

"አያ አራጌ" አለ ፈንታው። "የጌጤስ ነገር?"

"የጌጤ?" አራጌን ጥያቄው ገረመው። "እሱንማ ገና ሳንቀመጥ ነው እሺ ያለን። ታዲያ ፓምፑን እንዲያው ጥለንለት እንምጣ?"