በሚካኤል ቀን የጮኸው መጋዝ

የቤንዚን መጋዝ ሥራ ሠራ የሚባለው ሲቆርጥ ነው ወይስ ሲጮህ? ካህንም ምእመንም ጠይቄ እስካሁን ቁርጥ ያለ መልስ አላገኘሁም። መጥረቢያ እንዲህ ያለ ጣጣ የለበትም፤ ወይ ይቆርጣል፣ ወይ ጥግ ተደግፎ ዝም ይላል። የቤንዚን መጋዝ ግን አንዲት ጭራሮ ሳይቆርጥ ሀገር ምድሩን ይቀሰቅሳል። ከሰውም እንዲህ ያለ አለ። ስም አልጠራም፤ ጎረቤቴ ናቸው።

አንቺን ከመጋዝ ጋር ምን አገናኘሽ ትሉኝ ይሆናል። ባሕር ዛፍ ነዋ! ሌላው ባሕር ዛፍ ወደ ሰማይ ሲያድግ የኛ ጓሮው ወደ ቤታችን ነበር የሚያድገው። ዘንበል፣ ዘንበል እያለ መጥቶ ልጄ ማኅሌት በምትተኛበት ግድግዳ ላይ አንገቱን ደፋ። ነፋስ በነፈሰ ቁጥር አልጋዋን አነሳና ሌላ ጥግ እወስዳለሁ። ያ አልጋ ያልዞረበት ጥግ የለም። በመጨረሻ ስናየው ዛፉ ቢወድቅ የማይደርስበት ቦታ ደጃፉ ብቻ ሆኖ ተገኘ። ልጅ ደግሞ ደጅ አይተኛም።

ፈሪ ነኝ። ቢቸና ውስጥ የኛ ሰፈር ሰው ሁሉ ያውቃል። ልጅቷ ሁለቴ ካስነጠሰች ጤና ጣቢያ የምሮጥ ሴት ነኝ። ግን ፈሪ ሁሉ እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል ያለው ማነው? ደፋር ነው የሚቀመጠው፤ ምን ይመጣል ብሎ። እኔ ስፈራ ነው የምነሳው።

ባሌ ደሴ ደፋር ነው። የጭነት መኪና ሹፌር ስለሆነ ቤት የሚገኘው አልፎ አልፎ ነው። ስልክ ደውዬ የዛፉን ነገር ባነሳሁበት ቁጥር ወዲያው ዓባይ በረሃ ይገባል። «ሄሎ… ድልድዩ ጋ ነኝ… ኔትወርክ የለም» ይለኛል። አንድ ቀን እንዲያውም ኔትወርክ የለም እያለኝ ከኋላው አንድ የሚኒባስ ረዳት «ሉማሜ የሞላ! ሉማሜ የሞላ!» ሲል ጥርት ብሎ ይሰማኛል። ከዚያ ወዲህ ስለ ዛፉ አልነገርኩትም።

መጥረቢያ ይዘው የሚዞሩ ቆራጮች ጠራሁ። መጡ፤ ዛፉን አዩ፤ ቤቱን አዩ፤ እርስ በርስ ተያዩና «እህቴ፣ ይሄ በመጥረቢያ ሲመታ እየተንቀጠቀጠ እላይሽ ላይ ነው የሚመጣው፤ ማሽን ይፈልጋል» ብለውኝ ሄዱ። ማሽን ያለው አንድ ሰው ነበር። እሱ ደግሞ ነገ እመጣለሁ እንዳለ አለ። ስለዚህ ለዓመት በዓል የማደልበውን ሙክት ሸጥኩና ማሽኑን ራሴ ልገዛ ቆረጥኩ። በሐሳቤ ማለቴ ነው፤ ዛፉማ ገና ቆሟል።

የግንዱን ውፍረት በምን ልለካ? መቀነቴን ፈታሁና ግንዱን አቅፌ ለካሁት፤ በደረሰበት ቋጠርኩት። ያንኑ መቀነት መልሼ ታጥቄ፣ ማኅሌትን አዝዬ ወደ ሞጣ ሄድኩ።

ሞጣ ላይ የዕቃ መሸጫ ያላቸው ጋሽ እንድሪስ የሚባሉ ሰው አሉ። ከአባታቸው ጀምሮ እዚያው በንግድ የኖሩ ናቸው። ለባልሽ ነው ወይ አሉኝ። ለእኔ ነው አልኳቸው። ባልሽ የት አለ አሉኝ። ኔትወርክ የሌለበት ቦታ ነው አልኳቸው። ከዚያ በኋላ ስለ ባሌ አልጠየቁኝም፤ የገባቸው ይመስለኛል።

መጀመሪያ ትልቁን አወረዱ። ለጫካ የተሠራ አውሬ ነው። ቀጥሎ ለሴት ይሆናል ብለው ትንሿን አመጡ፤ ቅርንጫፍ መመልመያ ናት። ለምንድን ነው ለሴት የሚሆን ነገር ሁልጊዜ ሥራውን የማይጨርሰው? መቀነቴን ፈትቼ ጠረጴዛው ላይ እንደ ቀለበት ዘረጋሁና ዛፌ ይህን ያህላል አልኳቸው። ሳቃቸውን ዋጡና ሰንሰለቱ የሚዞርበትን ብረት በቀለበቱ ላይ አጋደሙት። የትንሿ መሐል ላይ ቀረ። የትልቁ አልፎ ሄዶ ሱቁን ሊቆርጥ ምንም አልቀረው። መካከለኛው ከዳር እስከ ዳር ደርሶ ትንሽ ተረፈው።

እሱን እንዳልገዛ ክብደቱ አሳሰበኝ። ስለዚህ ማኅሌትን ከጀርባዬ አወረድኩና በአንድ እጄ እሷን፣ በሌላው መጋዙን ይዤ መዘንኩ። እኩል ናቸው! ማኅሌት እንዲያውም ትበልጣለች፤ እሷ ትራገጣለች። ይህችን ቀኑን ሙሉ የምሸከም ሴት አንድ ዛፍ እስኪወድቅ ይህን መያዝ ያቅተኛል? ጋሽ እንድሪስ «ወላሂ መጋዝ በልጅ መዝኖ የገዛ ሰው አላየሁም» አሉ። እኔስ ገዝቼ አላውቅ፤ በምን ልመዝን ኖሯል?

በዚያን ቀን ሞጣ ውስጥ ቤንዚን ስለጠፋ አስነስተው ሊያስተካክሉልኝ አልቻሉም፤ በቃል አስጠኑኝ። ቤንዚኑን ዘይት ሳይቀላቅሉ አይሰጡትም፤ ሞተሩ ይቃጠላል። ለሰንሰለቱ ማለስለሻ የሚሆነው ዘይት ደግሞ ለብቻው በሌላ ጉድጓድ ይገባል። ጎኑ ላይ በካቻቢቴ የሚዞሩ ሦስት ብሎኖች አሉ። አንደኛው ሞተሩ ቀስ ሲል የሚጠጣውን ቤንዚን ይመጥናል፤ ሁለተኛው ሲጮህ የሚጠጣውን፤ ሦስተኛውን መካኒኮች ሚኒሞ ይሉታል፤ ሲያርፍ እንዳይጠፋም እንዳይሮጥም የሚይዘው እሱ ነው። ሁለተኛውን አጥብቀሽ አትዝጊው፤ ቤንዚን ሲያንሰው ድምፁ ይቀጥንና ሞተሩ ይቃጠላል አሉኝ። በመጨረሻም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ቃታውን ስትለቂው ሰንሰለቱ ቀጥ ማለት አለበት፤ ካልቆመ ዛፍ አጠገብ እንዳትደርሺ፣ ልጅ አጠገብማ ጭራሽ አሉኝ። እስከ ቢቸና ድረስ በመኪናው ውስጥ ይህችን ነው እንደ ጸሎት ስደግም የሄድኩት።

ከሳጥኑ ውስጥ ወረቀትም ነበረው። እኔ የማውቀው ፊደል የአማርኛውን ነው፤ እሱንም እያዘገምኩ ነው የማነብ። ይሄ የፈረንጅ ስለሆነ ሥዕሉን አነበብኩት። በሥዕሉ ላይ ያለው ሰውዬ በሄደበት ሁሉ ቀይ መስመር ተሰምሮበታል። ምስኪን፣ የተፈቀደለት ነገር የለም። እንደ ቤተ ዘመድ አየሁት።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ የግንቦት ነፋስ ከበረዶ ጋር መጣ። አንድ ቅርንጫፍ ተገንጥሎ ቆርቆሮው ላይ ሲያርፍ ልጄን አቅፌ ጠረጴዛ ሥር ገባሁ። ከዚያ በኋላ ምን እጠብቃለሁ? አንድ ነገር እጠብቃለሁ። ቀጣዩ ቀን ሚካኤል ነው። በሚካኤል እንጨት አይቆረጥም፤ እኔም አልቆርጥም፤ ክርስቲያን ነኝ። ግን ማስተካከል መቁረጥ ነው? በሚካኤል አስተካክዬው ካደርኩ፣ በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ ዛፉን እጥለዋለሁ ብዬ አሰብኩ።

ጠዋት ሰው ከቤተ ክርስቲያን ሳይመለስ ልጄን ለጎረቤት ሰጠሁ። የደሴን ወፍራም ጃኬትና የሞተር ብስክሌት ኮፍያ አጠለቅሁ። ቢቸና ያገኘሁትን ቤንዚን በዘይት ቀላቅዬ ሞላሁ፤ መጋዙን መሬት አስይዤ፣ በእግሬ ረግጬ፣ ገመዱን ሳብኩት። አልነሳ አለ። ሳብኩት። ሲሰለቸኝ ተነሣ። እንዴት ያለ ጩኸት መሰላችሁ! ሰማያዊ ጭስ ግቢውን ሞላው። ቃታውን ስጫነው ያስላል፤ ስለቀው ደግሞ ሰንሰለቱ መዞሩን አይተውም። ያ የፈራሁት ነገር ነው። አጥፍቼ ካቻቢቴውን ሳነሳ አጥሩ ላይ የሰው ጭንቅላት ተደርድሯል።

ከሁሉም ቀድመው በሩን ከፍተው የገቡት አያ ታከለ ናቸው፤ የደሴ አጎት፣ ጎረቤታችን፣ የሰፈሩ በዓል ጠባቂ። «ያውም በሚካኤል! ያውም ሴት! ያውም በቤንዚን!» አሉ። ከሦስቱ ሚካኤልን የሚያስቀይመው የትኛው እንደሆነ ልጠይቃቸው ብዬ ተውኩት። አልቆረጥኩም፣ እያስተካከልኩ ነው አልኳቸው። መጮሁ ራሱ ሥራ ነው አሉኝ። መጮህ ሥራ ከሆነማ ማኅሌት በዓል ሳትሽር የዋለችበት ቀን የለም አልኳቸው። አጥሩ ላይ ያሉት ሳቁ። አያ ታከለ አልሳቁም። «በረዶ ልታስወርጂብን ነው?» አሉኝ።

«በረዶውማ ትናንት ወርዷል። ትናንት ማን ሥራ ሠርቶ ነው?» አልኳቸው።

በዚህ መሐል መሪጌታ ኅሩይ ጥላቸውን ይዘው ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ደረሱ። ዜማ በማስተማር ያረጁ ሰው ናቸው። አያ ታከለ ክሳቸውን አሰሙ። መሪጌታም አስነሽውና ልስማው አሉኝ። ዳኛ ያዘዘውን ማን ይከለክላል? አስነሣሁት። ዓይናቸውን ጨፍነው፣ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው አደመጡ። ሲፈርዱብኝ ስጠብቅ፣ «ይሄ በዕዝል ዜማ ይጀምርና በአራራይ ይጮኻል፤ መሸጋገሪያ ግን የለውም» አሉ። «ሲጨርስም አያርፍ!»

ጋሽ እንድሪስ ያሉኝ እኮ ነው! የመጀመሪያውን ብሎን ትንሽ ወደ ቀኝ አጠበቅሁት። ጭሱ ሳሳ፤ ሳሉም ቀነሰ። መሪጌታ «ገና ነው፤ ትንሽ ጨምሪ» አሉ። ሚኒሞውን አላላሁት። «አሁን ሊያርፍ ነው… አረፈ!» ሰንሰለቱ ቀጥ አለ። አያ ታከለ እስካሁን እንዴት እንደቻሉ እንጃ፤ ካቻቢቴውን ከእጄ መንጭቀው ወንድ ያስተካክለው ብለው ሁለተኛውን ብሎን ጠመዘዙት። መጋዙ እንደ ሙሾ አውራጅ ቀጭን ጩኸት ለቀቀው። መሪጌታ ጆሯቸውን ያዙ። እኔ ካቻቢቴውን መልሼ ነጠቅሁ። «እሱን አይንኩ! የርስዎ ልጅ አይደለችም ከዛፉ ሥር የምትተኛው!» አልኳቸው። የባሌን አጎት እንዲህ ተናግሬ አላውቅም። ብሎኑን መልሼ አላላሁት፤ ድምፁ ወፈረ፣ ሞላ፣ አማረ። መሪጌታ ራሳቸውን እየነቀነቁ «አሁን ዜማ ሆነ» አሉና ወደ ጽዋ ማኅበራቸው ሄዱ። አያ ታከለም በዘይት የጠቆረ እጃቸውን ጋቢያቸው ላይ ሲያብሱ ቆይተው ተከተሏቸው። ተመልከቱ እንግዲህ፤ በሚካኤል እጁ የጠቆረው ማነው?

ከሰዓት በኋላ የሚካኤል ጽዋ ማኅበር ላይ ጉዳዬ ታየ። እኔ አልተጠራሁም፤ ሴት ስትከሰስ መቅረቧ ምን ያስፈልጋል? አያ ታከለ ከሰሱ፤ መሪጌታ ነገሩ ያከራክራል አሉ፤ ሌላው ሰው ጠላው እንዳይሞቅበት ቸኮለ። ፍርዱ እንዲህ ሆኖ ወጣ፤ በሚካኤል መጋዝ ስላስጮኸች፣ ለሚቀጥለው ወር ጽዋ የሚሆነውን ማገዶ በዚያው መጋዝ ቆርጣ ትካስ። የሚቀጥለው ወር ተረኛ ማን እንደሆነ ልንገራችሁ? አያ ታከለ ናቸው።

በማግስቱ ዛፉን ጣልኩት። ባዶ ቦታ ያለው አያ ታከለ ጓሮ ብቻ ስለሆነ ወደ እኔ ጣይው ያሉት ራሳቸው ናቸው። ሲፈርዱብኝ የዋሉት ወንዶች ገመድ ከላይ አስረው ወደዚያ ሳቡ። እኔ በመውደቂያው በኩል ግንዱን ቦርቡሬ አፍ አበጀሁለት፤ ከዚያ ዞሬ ከቤቱ በኩል ቆረጥኩ፤ ሽብልቅ ተመታበት። ግንዱ ሲንቋቋ መጋዙን እንደያዝኩ ወደ ኋላ አፈገፈግሁ። ዛፉ ከቤቴ ፊቱን አዙሮ ሄደ። ወደቀ። ሰንሰለቱ ቀጥ አለ። እኔ መሬት ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ፤ እንባዬ በኮፍያው ውስጥ ስለሆነ ማንም አላየኝም። ማኅሌት ያን ቀን አልጋዋ ወደ ቦታው ተመለሰላት። ማታ ደሴ ደወለ፤ ኔትወርኩ እንደ መስተዋት ነው። «ምነው፣ እኔ ልቆርጠው አልነበረም እንዴ?» አለኝ።

ግንዱ አያ ታከለ ጓሮ እንደተጋደመ ወሩ አለፈ። ካሳዬን ልክፈል ብዬ በሄድኩ ቁጥር ይመልሱኛል። ገና አልደረቀም፤ ዛሬ ገበያ ነው፤ ዛሬ እንግዳ አለብኝ ይላሉ። እኔም ተመለስኩ፤ የተፈረደብኝ መቁረጥ እንጂ መለመን አይደለም።

ዛሬ ማምሻውን በሬን አንኳኩ። ነገ ሚካኤል ነው፤ ያውም ሰኔ ሚካኤል፣ የዓመቱ። እንግዳው ተጠርቷል፣ ንፍሮው ተዘፍዝፏል፣ ለመቀቀያው ግን አንድ ፍልጥ የለም። አያ ታከለ ግራ ቀኝ አይተው፣ በሹክሹክታ፣ ጎሕ ሲቀድ መጋዝሽን ይዘሽ ብቅ በይ አሉኝ። ነገ እኮ ሚካኤል ነው አልኳቸው። አውቃለሁ አሉ፤ ቶሎ ቶሎ ቁረጪው፣ ብቻ ብዙ አታስጮኺው አሉኝ።

እንግዲህ ምከሩኝ። በሚካኤል መጋዝ ስላስጮኽኩ የተጣለብኝን ካሳ፣ በሚካኤል መጋዝ አስጩኼ ልክፈለው ወይስ እንግዳው ጥሬውን ይቆርጥም? መልሳችሁን ሳይነጋ አድርሱኝ። እኔ እንደሆነ ቤንዚኑን ከዘይቱ ጋር ቀላቅዬ ተቀምጫለሁ።